የወልደአረጋይ የንቀት ደብተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ጥቁር ጋዋን እያለበሰ ይለቃቸዋል። በእንግሊዝኛ መናቅ የሚችል ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሹራብ ፋብሪካው የበር ጥበቃ ወልደአረጋይ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በበሰለች አረቄ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። በሰለች ራሷማ ያላየችውንም ጨምራ ትመሰክራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለበዓል በግ ይገዛል እንበል። በጉ ቤት ሲደርስ ማሳል ይጀምራል። ሰውየው ጎትቶ ቢመልሰው ሻጩ፣ «ብርዱ ነው፤ እኛስ መች ሳንስል ውለን እናውቃለን?» ብሎ ይስቅበታል። ያን ጊዜ የተበደለው ሰው ወደ ፖሊስ አይሄድም። ወደ ወልደአረጋይ ይመጣል።

«ጋሼ ወልዴ፣ በሞቴ፣ ይሄን ሰውዬ በእንግሊዝኛ ናቅልኝ።»

ወልደአረጋይ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆልፋል። ሻጩ ፊት ይቆማል። ከጫማው ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ባርኔጣው ያየዋል፤ ባርኔጣው ጋ ሲደርስ የፈለገውን ያጣ ሰው ይመስል ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ይመልሳል። ከዚያ በቀስታ፣ «ሁ ዱ ዩ ቲንክ ዩ አር?» ይላል።

ማን ነኝ ብለህ ነው? ማለቱ ነው። በአማርኛ ቢለው ኖሮ ሻጩ መልስ አያጣም፤ «የአባቴ ልጅ ነኛ!» ብሎ ዱላውን ያነሣ ነበር። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን ያያል፤ በመጨረሻ በጉን ይቀይራል። ወልደአረጋይም ለድካሙ አንድ መለኪያ ይጋበዛል።

እውቀቱ ሁሉ ያለው አንድ ሰማያዊ ደብተር ውስጥ ነው። ሰውየው አንኮበር አካባቢ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋበትም። የእጅ ጽሑፉ ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ፣ እሱም የእንግሊዝኛውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኛው ፊደል ይጽፈዋል። ትርጉሙንና አባባሉን በጥቁር ያስከትላል። ለአብነት፦

«ዩ ኮል ዚስ ወርክ? ድንቄም ሥራ! ቅንድብ ይነሣል።»

«ኖባዲ አስክድ ዩ። አንተን ማን ጠየቀህ። ጀርባ እየተሰጠ ይባላል።»

«ጋርቤጅ። ቆሻሻ። ለዕቃም ለሰውም ይሆናል።»

አንድ ቀን የእንግሊዝኛው ንቀት ከኛው በምን እንደሚለይ ጠየቅሁት። ሲያስረዳኝ መምህር ይመስል ነበር። «የኛ ንቀት ጯሂ ነው» አለኝ። «አንዲት ‹ኤዲያ!› ብትለቅ ሦስት ቤት ይሰማታል። የነሱ ጩኸት የለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሻይ ጨምርልኝ እንደሚል ሰው ነው የሚናገርህ። ቋንቋውን የማያውቅ አጠገብህ ቢቆም የተመሰገንክ ነው የሚመስለው።»

ይህን ሁሉ ከየት እንዳገኘው የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛ የምንስቅበት እንጂ የምንጠይቅበት ጊዜ አልነበረንም። የጠየቀችው ልጁ ፀደንያ ናት።

ፀደንያ አንድ ልጁ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና በእንብርክክ ስትሄድ ነበር፤ ያሳደጋትም ራሱ ነው። በልጅነቷ ደብተሩን እንደ ሥዕል መጽሐፍ ታገላብጠው ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት ግን ለዕረፍት ቤት ስትመጣ አነበበችው።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው ለማን ያለው?»

«ሰው ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«እዚያ አካባቢ ለነበረ።»

«ጣርማ በር የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ አራት ዓመት በር ላይ ቆምክ። እዚህ ፋብሪካ ይኸው ሰባት ዓመትህ። በር ላይ ካንተ ሌላ ማን ነበር?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ፀዲ» አላት።

ይህን የነገረችኝ እሷው ናት። ደብተሩን ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም።

ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ ተቀመጠች። በመጨረሻ ዲግሪዋን ሣጥን ውስጥ ከታ አባቷ በር በሚጠብቅበት የሹራብ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነች። ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍትላት አባቷ ነበር። ሌላውን ሠራተኛ ቦርሳውን ይፈትሻል፤ የሷን ቦርሳ ይበልጥ ይፈትሻል፣ አዳላ እንዳይባል።

አንድ ሐሙስ ቀን ማናጀሩ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፣ አንገቱ የተጣመመ ሹራብ አገኘና እግሯ ሥር ወረወረው። «ዩ ኮል ዚስ ወርክ?» አላት። ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ!

ፀደንያ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «በእጅዎ ቢሰጡኝ አስተካክለዋለሁ። ከመሬት ግን አላነሣም» ብላ መለሰችለት። በሰለች በጥፊ አጮለችው ትላለች። አላጮለችውም። ግን ሁለት መቶ ሰው ስለሰማ ከጥፊ አላነሰም። ወዲያው ከሥራ ታገደች።

እቤት ገብታ አላለቀሰችም። ፓስፖርቷን አወጣች። ከተመረቀች ጀምሮ አንዲት ደላላ ኩዌት ቤት ሠራተኛ ላርግሽ እያለች ትወተውታት ነበር። «እስከ ሰኞ ካልመለሱኝ እሄዳለሁ» አለች። ወልደአረጋይ የሰማው ይህን ብቻ ነው። ልጁ ባሕር ማዶ፣ እሱ ሊከፍተው የማይችለው በር ውስጥ ልትገባ ነው።

ምልጃ መሄድ እንዳለበት ወሰነ። ምልጃ ደግሞ ወግ አለው። ሽማግሌ ይዞ ይኬዳል፤ ከባለጉዳዩ ፊት ዝቅ ይባላል። «እኛ ምን ነን፣ አፈር ነን። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ አጠፋች» ይባላል። ያኛውም ሰው ደንግጦ፣ «ኧረ በሥላሴ! ኧረ ይነሡ! እንዲህ አይበሉ!» ይላል፤ ብብት ይዞ ያነሣል። እርቁ ያለው እዚያ ማንሣቱ ላይ ነው። የወደቀው ሰው ወድቆ እንደማይቀር ያውቃል፤ ስለዚህ ያለ ሥጋት ይወድቃል።

ሽማግሌ እንዲሆኑት የንስሐ አባቱን ቄስ ዘሥላሴን ለመነ። ቄስ ዘሥላሴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ «እኔ መስቀሌን ይዤ ከኋላህ እቆማለሁ፣ ንግግሩን አንተ ተወጣው» አሉት። የፋብሪካው አስተርጓሚ የማናጀሩን ቁጣ ከማየት መታመም የሚመርጥ ሰው ስለነበር፣ በዚያ ቀን አሞኛል ብሎ ቀረ።

ወልደአረጋይ ዓርብን ሙሉ ደብተሩን ሲያገላብጥ ዋለ። ሶሪ የሚለውን ማንም ያውቃል። ግን በአንዲት ቃል ምልጃ የት አገር አለ? እሷ እግር የረገጠ ሰው የሚላት ናት። ምልጃ ረዘም ማለት አለበት። ረዘም ያለ እንግሊዝኛ ያለው ደግሞ ደብተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አደረገ። አንተ የሚለውን ሁሉ አውጥቶ እኛ የሚለውን አስገባ። እንደሱ አስተሳሰብ ንቀቱን ከሰው ላይ አንሥቶ ራሱ ላይ ካደረገው ትሕትና ሆነ፣ አለቀ። በአማርኛማ እንዲያ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገቡ። እንዲህ ሲሆን ፀደንያም የእግድ ደብዳቤዋን እንድትፈርም ተጠርታ ኖሮ ቢሮው በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ አላያትም። ቄስ ዘሥላሴ ግን አይተዋታል።

ወልደአረጋይ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

«ሶሪ ሰር። ማይ ዶተር ኖባዲ። ሺ ኢዝ ዩዝለስ፣ ሰር።» ይበልጥ ዝቅ አለና፣ «አይ አም ኦልሶ ኖባዲ። ዊ አር ጋርቤጅ። ሁ ዱ ዊ ቲንክ ዊ አር?»

ልጄ ማንም አይደለችም። የማትረባ ናት። እኔም ማንም አይደለሁም። ቆሻሻ ነን። ማን ነን ብለን ነው?

ብሎም እንዳጎነበሰ ጠበቀ። ኧረ ተነሣ የሚለውን ነበር የሚጠብቀው።

ቄስ ዘሥላሴ ከኋላ ጎንተል አድርገው፣ «ምን አልከው?» አሉት።

«ተማጸንኩት፣ አባቴ።»

«ደግ አደረግህ።»

ማናጀሩ መጀመሪያ ግራ ገባው። ቀጥሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጅ እያየ፣ «ጉድ። አት ሊስት ዩ ኖው» አለ። ጥሩ፤ ቢያንስ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ሥራ እንድትገባ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ወልደአረጋይ ቀና ሲል ልጁን አያት። ፊቱ በርቶ ነበር። «ፀዲ! መለሱሽ እኮ!»

ፀደንያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የሠራተኛ መታወቂያ አወለቀች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። የፋብሪካው ዋና በር ላይ ሲደርስባት እኔ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ስጠብቅ ነበርና ሰምቻለሁ።

«ሰኞ ግቢ አለ እኮ! አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

«ታዲያ?»

«የሰማሁት እሱን ብቻ አይደለም።»

«ይሄ ምልጃ ነው! ለትልቅ ሰው ዝቅ ማለት ነውር ሆነ እንዴ ዛሬ?»

«አላነሣህም እኮ» አለችው። «አጎንብሰህ ስትጠብቅ አይቼሃለሁ። እስከ ማታ ብትቆምም አያነሣህም። የሱ አገር ይሄን ወግ አያውቅም። የተናገርከውን አመነህ።»

ወልደአረጋይ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ልጁ የካፖርቱን አንገት አስተካከለችለት፤ ብርድ ነበር። ከዚያ የመጣውን ባጃጅ ለኔ ሳትተው ገብታ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኩዌት በረረች።

አሁንም በሩን የሚጠብቀው እሱ ነው። ማናጀሩ በመኪናው ባለፈ ቁጥር፣ እንደ ሰላምታ አድርጎ፣ «ሄሎ፣ ኖባዲ!» ይለዋል። ወልደአረጋይ በሩን ይከፍትለታል። በሰለች ቤት ናቅልኝ የሚለውም ቀረ። ከለሚ ከተማ የመጣ አንድ ሰው የእህል ነጋዴ አታለለኝ ብሎ ቢለምነው፣ «ረስቼዋለሁ» አለው። ደብተሩን አቃጥሎታል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አለ፤ ሲቀመጥ ጫፉ ይታያል።

ከአምስት ወር በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሰለች ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ስልኩ ጠራ። ጆሮው ደከም ስላለ ስፒከር ላይ አደረገው።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ሰዎቹስ?»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው። ይወዱኛል። ምግቡም...»

ከኋላዋ የሴት ድምፅ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ። እኛ ድምፁን እንጂ ሌላ አልሰማንም። ወልደአረጋይ ስልኩን ወደ ጆሮው ሊያስጠጋው ፈለገና ተወው። ሌላው እጁ ካፖርቱ ኪስ ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ እየጠራችኝ ነው።»

«እሺ፣ ሂጂ ልጄ። አታስቆያት።»

ስልኩ ተዘጋ። በሰለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ውይ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ሴትዮ! ድምጿ ማር ነው» አለች። «ምን አለቻት፣ ጋሼ ወልዴ?»

ሁላችንም እሱን አየነው። እንግሊዝኛ የሚያውቀው እሱ ነው።

«ሻይ ጨምሪልኝ ነው ያለቻት» አለ።