የቦንጋ የቀን ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን በቀን መሥራት ሳይጀምር ቦንጋ የራሷ የቀን ቴሌቪዥን ነበራት። ከተማው እትዬ በዛወርቅ ይላታል። ዛሬ ሶፋ ላይ ተደላድለው እንግዳ የሚያነጋግሩት ሁሉ ስሟን ሰምተውት አያውቁም፤ ይህ ያናድዳል።

ዘመኑ ኢሕአዴግ ከገባ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። በዛወርቅ የቀበሌው አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያችው ደመወዝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ለሕዝብ የተሰጠ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎበት ይቀመጣል። ሥርጭቱ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ከሺሺንዳና ከደካ ለገበያ የመጣው ሰው ግን መኪና ሳያመልጠው መመለስ ስላለበት፣ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ የተዘጋውን ሳጥን ሲያይ ይውላል። በዛወርቅ አንጀቷ አልችል አለ። አንድ ቀን አንዱን ሽማግሌ ሳጥኑ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችና እሷ ፊት ለፊታቸው ዱካ ስባ ተቀምጣ፣ እስቲ ዛሬ እርስዎን እንይ አለቻቸው። ሰውየው ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ከዛፍ የወደቁበትን ሲያወሩ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ሚስታቸው ጥላቸው መሄዷን ሲናገሩ ደግሞ ሴቶቹ በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን መቆሚያ ጠፋ። በዛወርቅ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ጠይቃ ዝም ማለት ግን ታውቅበታለች። እውነቱን ሳይናገር ከዚያ ወንበር የተነሣ እንግዳ የለም።

አንድ ሐሙስ ብርቅዬን አስቀመጠች። ብርቅዬ ከሰል የምትሸጥ ማንጆ፣ በካፋ ከተገለለው ወገን ናት። ማንጆ ከሌላው ጋር አብሮ አይበላም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጣም፣ የሰው ቤት አይገባም ይባል ነበር። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን አጥብቆ ይጠብቀዋል። ብርቅዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጇ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስለምትቀመጥበት ዴስክ ተናገረች።

ቀጥሎ ተራው የጋሽ ገብረወልድ ነበር፤ ከደካ መጥተው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ የቆዩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ወንበሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። እዚህ ላይስ አልቀመጥም፣ ሌላ ይምጣልኝ አሉ። ከኋላ የድጋፍ ጉርምርምታ ተሰማ። ብርቅዬ የከሰል ማዳበሪያዋን አነሣች።

በዛወርቅ ሌላ ወንበር የለም አለች። ጥግ ላይ አሥራ ሁለት ተደርድሮ ሁሉም ያየዋል። የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ተክለጻድቅ ተጠርተው መጡ። ይህ ፕሮግራም ድሮም በፕላን አልተያዘም፣ ወይ ወንበሩን ይቀይሩ፣ ወይ የአዳራሹን ቁልፍ ያስረክቡና ከሥራ ይሰናበቱ አሏት። በዛወርቅ የቤት ኪራይዋን አሰበች። ግን ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታችው።

«ቁልፉ ይኸው። ወንበሩ አይቀየርም።»

ይህን ብላ ራሷ ሄዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ብርቅዬ በሩ ዘንድ ደርሳ ነበር። በዛወርቅ ጠራቻትና በባዶው ዱካ ላይ እንድትቀመጥ ለመነቻት፤ እስከ ዛሬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ አሁን እርስዎ ይጠይቁኝ አለቻት።

ብርቅዬ ዱካው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማዳበሪያዋን እግሯ ሥር አኖረች። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ከሰል ይዤ ደጅዎ ስመጣ ውሃ እለምን ነበር። ለምን በኮባ ቅጠል ሰጡኝ? ብርጭቆ የለዎትም?»

የበዛወርቅ ፊት ጋለ። ልማድ ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ሰዉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

«አለኝ» አለች። «ስድስት ብርጭቆ አለኝ። ተጸይፌዎት ነው። በልማድ አላሳብብም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ተክለጻድቅ በቃ፣ ውጡ እያሉ መስኮቶቹን መዝጋት ጀመሩ። የተነሣ ሰው አልነበረም። በዛወርቅ ዞር ብላም አላየቻቸው። እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ብርቅዬ ጠጋ አለች።

«ይቀጥሉ» አለቻት። «ሌላም ይጠይቁኝ።»