እማሆይ ሰባት ቤት የቆጠሩ ዕለት

አሁንም በድንጋይ መንገድ ላይ የመቋሚያ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እማሆይ ወለተ ማርያም የሚመጡ ይመስለኛል። ቤታችን ከኢየሩሳሌም ግንብ ውጪ፣ ከደብረ ገነት ቅጥር አጠገብ ነበር፤ አባዬ የገዳሙን አትክልት ይንከባከብ ነበር፣ እኔም በየጠዋቱ ከጉድጓዳችን ቀድቼ ለእማሆይ በገንቦ ውኃ አደርስላቸው ነበር። አገራቸውን የጠየቃቸው ሁሉ «አገሬ ሰማይ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አያገኝም፤ እኔ ግን መጠየቄን አልተውም ነበር።

አንድ ዓመት፣ የታኅሣሥ ዝናብ ጉድጓዱን ሲሞላ፣ አየለ እህቴን ተዋበችን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። አየለ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ በልጅነቱ ከተሳላሚዎች ጋር መጥቶ፣ ያመጣው አጎቱ ሞቶበት እዚሁ የቀረ። በሰፈራችን ሽማግሌ የሚባለው ሁሉ መነኩሴ ነው፣ መነኩሴ ደግሞ ለጋብቻ አይላክም፤ እንደምንም አንድ ምግብ አብሳይና አንድ በረኛ ተገኝተው ደጃችን ቆሙ። አባዬ አየለን ይወደው ነበር፣ የእህቴማ አይነሳ! ነገር ግን የአየለ አባት እንደ አባዬ የወገራ ሰው ስለነበር ፍርሃት ገባው። «ዘመድ ከዘመድ ላጋባ? ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም» አለ። አየለ ግን ከአያቱ ከተሰማ በላይ አንድም ስም አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የፋሲካን ተሳላሚ መጠበቅ ሆነ። ጾሙን ሙሉ እህቴ የቀሚሷን ጥልፍ ትጀምራለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። ፋሲካ ደርሶ ተሳላሚዎቹ ከያፋ ሲገቡ፣ አባዬ እጄን ይዞ እነሱ ወደሚያርፉበት ገዳም፣ ወደ ዴር ሡልጣን፣ እየወጣ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ የሸዋ ሰው ሞልቷል፣ የትግሬም አለ፣ የወገራ ግን አንድም አልነበረም። አየለ ተስፋ ቆርጦ አብሯቸው ወደ አገር ቤት ሊሳፈር ዕቃውን ሸከፈ። እህቴ አላለቀሰችም፣ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነበር።

በማግስቱ ውኃውን ሳደርስ አፌ አላረፈም።

«እማሆይ፣ የተሰማን ዘር የሚቆጥር ጠፍቶ እህቴ መቅረቷ ነው» አልኳቸው።

«የቱ ተሰማ?»

«የአየለ አያት፣ የወገራው። ግራ እጁ ስድስት ጣት ነበረው አሉ።»

እማሆይ ገንቦውን ሊቀበሉኝ የዘረጉት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የመቋሚያው ድምፅ ወደ እኛ ደጅ መጣ። እማሆይ የባለትዳር ቤት ረግጠው አያውቁም ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጠው አየለ እስኪጠራ ጠበቁ፣ ሲገባም ፊቱን ትኩር ብለው አይተው፣ ከተሰማ ወደ ላይ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አባዬ የራሱን ወገን እየጠራ ያስተያያል። ሰባተኛው ቤት ደርሰው አንድም ስም አልገጠመም። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ እልል አለች፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባዬ ግን ገርሞት «እማሆይ፣ እርስዎ ይህን ከየት አወቁት?» አላቸው።

«ተሰማ ታላቅ ወንድሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ልጅ ደጄ ላይ ድንጋይ ሲጠርብ ስንት ዓመት አየሁት፤ የማን ልጅ ነህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ንስሐ እገባበታለሁ።»

አየለ ጉልበታቸውን ሲስም እጃቸው ራሱ ላይ ብዙ ቆየ።

ሠርጉ የሐዋርያት ጾም ሳይገባ መድረስ ስለነበረበት ዝግጅቱ ወዲያው ተጀመረ፤ አባዬ ከተሳላሚዎቹ ለጠጁ ጌሾ ለመነ፣ አየለ ዕቃውን ፈታ፣ እህቴም ጥልፏን እንደገና ያዘች፤ ከዚያ በኋላ አልፈታችውም።

ዛሬ የእህቴ የልጅ ልጆች ሠርግ ሲያስቡ ከልብስና ከፎቶግራፍ ይጀምራሉ፤ ያምርባቸዋል፣ አልከፋበትም። ቆጠራው ለእኔ ተትቷል። ተሰማ ላይ ስደርስ አንዱን ጣቴን አጥፌ፣ አጠገቡ ያለውንም አብሬ አጥፋለሁ። ልጆቹ «እማማ፣ አንድ ጣት አበዙ!» እያሉ ይስቁብኛል። መነኩሲት ልጅ ስለሌላት በሰባት ቤት አትቆጠርም፤ እኔ ግን እማሆይን እቆጥራቸዋለሁ።