አባቴ ፍሪሲዮን የቀየረ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገት ላይ ተይዞ ሲያቃስት የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሽታ ውስጡን ሞላው። ተሳፋሪው አፍንጫውን በነጠላና በእጅጌው ሲሸፍን እኔ ግን፣ ለሰው ለማስረዳት በሚያሳፍር ደስታ፣ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ያ መራራ ሽታ ለእኔ የቆቦ ሽታ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በግቢያችን የቁርቁራ ዛፍ ሥር የከረመ ሽታ።

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ጀርባዋ የጎበጠ አሮጌ መኪናም ነበረችው። አንድ የገበያ ቀን ከዋጃ ሲመለስ ፍሪሲዮኗ ነደደና ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልሄድ አለ፤ መኪናዋ በገበያተኛ ተገፍታ፣ እንደ ታመመች ላም አንገቷን ደፍታ ግቢ ገባች። በሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው ትከርም ነበር። ነገር ግን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘምዘም ደሴ ካለ የዓይን ሐኪም የተሰጣት ቀጠሮ ስምንት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። እትዬ ዘምዘም ባሏ የሞተባት፣ እኔን ከእናቴ እኩል ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ቀኑን ሙሉ በዳሰሳ ጥጥ ስትፈትል ትውል ነበር። አውቶቡሶቹ ወታደር እንዲያመላልሱ ተወስደው መንገዱ ጭር ብሏል፤ ደሴ የሚያደርሳት የአባቴ መኪና ብቻ ነበር፤ የከተማው መካኒክም ዘምቷል።

አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ «ሞተር ማለት በእጅ የሚዳሰስ ሒሳብ ነው» አለ።

እናቴ «ሒሳብ ቢሳሳት በላጲስ ይጠፋል። ይኼን በምን ልታጠፋው ነው?» አለችው።

አዲሱን የፍሪሲዮን ዲስክ አንድ የሚያውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ከደሴ አመጣለት። አባቴ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በድንጋይ አስደግፎ፣ ሞተሩን የያዙትን ቡሎኖች ፈታና ሞተሩን አሮጌ ጎማ ላይ አወረደው። የዚያ የቆላ ፀሐይ ብረቱን እንደ ምጣድ ስለሚያግለው እርጥብ ጆንያ እያለበሰ ይሠራ ነበር፤ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ የቁርቁራው ፍሬ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል፣ ቀኑም እንደ ሕልም ቀስ ብሎ ይሄዳል። መፍታቱ አንድ ቀን ፈጀ። መግጠሙ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ አለ፤ ሞተሩ ወደ ቦታው ሲገፋ ጫፉ ላይ ደርሶ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ በግራሶ የጠቆሩ እጆቹን ሲያይ፣ ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ኀፍረት ነበር። እትዬ ዘምዘም አጥሩን እየዳሰሰች ስትመጣ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እትዬ፣ አልቻልኩም» አላት።

«አብሽር፣ መምህር። እስቲ ልንካው።»

ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠችና ጣቶቿን ወደ ፍሪሲዮኑ መሃል አስገባች። ዲስኩ በሁለት ብረቶች መካከል ነው የሚቀመጠው፤ የመሃል ቀዳዳው ከኋላው ካለው ቀዳዳ ጋር ትክክል ካልሆነ ከማርሹ በኩል የሚመጣው ዘንግ አይገባም። አባቴ በዓይኑ ለክቶ ነበር የገጠመው። እሷ ግን ዓይኖቿን ጨፍና ጣቷን ቀስ ብላ አዞረች።

«ይኼ ቀዳዳ ከዚያኛው ጋር አይተያይም። ወደ ግራ ዘሟል» አለች።

እንዝርቷን አስመጣች። ከቀዳዳው ልክ እስኪሆን ድረስ ክር ጠመጠመችበት፤ አባቴ ዲስኩን የያዙትን ቡሎኖች አላላና እሷ እንዝርቱን አስገብታ ዲስኩን መሃል አስያዘችው። ከዚያ አጠበቀና እንዝርቱ ወጣ። «ቢስሚላህ ብለህ ግፋ» አለችው። ሞተሩ ቀጭ ብሎ ገባ። አባቴ እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ።

በቀጠሮው ዋዜማ ጠዋት ለደሴ ተነሣን፤ እጇን የምይዝላት እኔ ስለነበርኩ አብሬ ሄድኩ። መኪናዋ መጀመሪያ እንደ ግልገል ዘለለች፣ ከዚያ ግን ዳገቱን ሁሉ ያለ ቅሬታ ወጣች። ሐኪሙ አንዱን ዓይኗን አዳነው፤ ሌላው ጊዜው አልፎበት ነበር። ፋሻው ሲፈታ አባቴን ትክ ብላ አየችውና «ወይ መምህር፣ ለካ ሸብተሃል» አለችው።

ስንመለስ ሮቢትን አልፈን ሜዳው ሲዘረጋ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ለመነችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ማሽላው እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ቆሞ ሲታያት፣ የጅረቱን፣ የጉብታውን፣ የእያንዳንዱን ዛፍ ስም መጥራት ጀመረች፤ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን ከአያቷ በሰማችው ኦሮምኛ፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ ከረጅም ጉዞ የተመለሰ ሰው ቤተሰቡን በየስሙ እንደሚጠራ። አባቴ ቆቦ እስክንደርስ ድረስ ማርሽ አልጨመረም።

ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ተቃረበና አባቴ ወደ መሃል አገር ተዛወረ፤ መኪናዋም እዚያው ቀረች። እትዬ ዘምዘም ብዙ ዓመት በአንድ ዓይኗ ኖራ እንዳረፈች በሰው ሰማሁ። አባቴም ዛሬ የለም። አምና በዚያው መንገድ በአውቶቡስ ሳልፍ መጋረጃውን ገልጬ፣ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ፣ ሜዳውን አየሁት። ዛፎቹን አንድ በአንድ ልጠራቸው ሞከርኩ፤ የሦስቱን ስም ብቻ አወቅሁ፣ የቀሩትን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።