የወፍጮው ባለቤት

ንግሥቴ ደሴን በቡሬ ከተማ የማያውቃት የለም። ወፍጮ ቤቷ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነው። በገበያ ቀን አህያው ከነጭነቱ ደጃፏ ላይ ይደረደራል፤ እሷም ነጠላዋን አገልድማ፣ ቅንድቧ በዱቄት ነጥቶ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኸች ታስተናግዳለች። «ጤፉ ይቅደም! በቆሎው ይቆይ! አንተ፣ በርበሬ ይዘህ በዚህ በር እንዳትገባ አላልሁህም?» ስትል ትልቁም ትንሹም ይታዘዛታል። ስልሳውን ዘልቃለች፤ የወፍጮውን ድንጋይ የምትወቅረው ግን ዛሬም በገዛ እጇ ነው።

ሙያውን ያስተማራት ባሏ ሀብተአብ ነበር። ሀብተአብ ኤርትራ ውስጥ የደቀምሐረ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ የአንድ ነጋዴ የናፍጣ ወፍጮ ሊተክል ከአዲስ አበባ ተልኮ መጣና፣ እህል ልታስፈጭ የመጣችውን ንግሥቴን አይቶ እዚያው ቀረ። አባቷ አቶ ደሴ ከግሽ ዓባይ በታች የሚያርሱ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎች «አገሩ ሩቅ ነው፤ ዘር ማንዘሩን አናውቅ» ቢሏቸው «እጁን አይቻለሁ፤ ሥራ የሚያውቅ እጅ ዘመድ አያጣም» ብለው ዳሩለት። ባልና ሚስቱ ደፋ ቀና ብለው ወፍጮውን ከነጋዴው ገዙት። ሰብሊ የምትባል ሴት ልጅም ወለዱ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ኤርትራ ልትገነጠል ነው፣ ሕዝቡም ድምፅ ሊሰጥ ነው ተባለ። ነገሩ ጎጃም ላይ ለብዙ ሰው አልተዋጠለትም። በየጠላ ቤቱ «አገር እንዴት በወረቀት ይቆረጣል?» የሚለው ይጮኻል፤ «የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ይወስኑ» የሚለውም አልጠፋም። በኢትዮጵያ የሚኖር ኤርትራዊም መምረጥ ይችላል ሲባል ሀብተአብ ለአዲስ አበባ ጉዞ ልብሱን ቀየረ። ንግሥቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው ሀብቴ? የምትኖረው እዚህ፤ የምትመርጠው እዚያ?»

«የአባቴ አገር ናት። ወንድሞቼ በረሃ ወርደው የሞቱላት ናት። አንድ ድምፅ ብነፍጋት ምን ልጅ ነኝ?»

«ኋላ ብትጣሉስ?»

ሀብተአብ ሳቀ። «ወንድማማች ቤት ሲከፍል አጥር ያጥራል እንጂ ጦር አይማዘዝም። ደግሞስ ሁለቱም መንግሥታት ተስማምተው አይደለም ወይ?»

ሄደ፤ መረጠ፤ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስለዚያ ድምፅ የጠየቀውም ያስታወሰውም አልነበረም። እሱም ወፍጮውን ሲያስነሣ፣ ሰንበቴውን ሲጠጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ የቡሬ ሰው ሆኖ ኖረ።

በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ተነሣ። አንድ የሰኔ ማለዳ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ የታጠቁ ሰዎች መጡ። ንግሥቴ «ምን አጠፋ?» አለቻቸው። አንደኛው «ያኔ መርጧል፤ የመረጠ የዚያ አገር ዜጋ ነው፤ ወዳገሩ ይሂድ» ብሎ መለሰላት። ሀብተአብ ልብስ እንኳ አልቀየረም። መኪናው ላይ ሲወጣ ሰብሊን አቅፎ የነበረውን እጁን ለማስለቀቅ ሁለት ሰው አስፈለገ። ጎረቤቱ በየአጥሩ ቆሞ አየ። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ዝም አለ። ንግሥቴ የዚያን ዕለት ማን እንዳለቀሰና ማን ዝም እንዳለ አትረሳም፤ ግን ለማንም አንሥታ አታውቅም።

ሁለተኛው ዱላ ብዙም አልዘገየም። «የተባረረ ሰው ንብረት ይታሸጋል» ብለው መጡ። ንግሥቴ የወፍጮ ቤቱን በር ከፍታ፣ ሞተሩን አስነሥታ፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። «አሽጉ» አለቻቸው፤ «እኔንም አብራችሁ።» ለማስፈጨት የመጡት ሴቶች ቁናቸውን ይዘው አጠገቧ ተኮለኮሉ። ሰዎቹ ነገሩን ለፍርድ ቤት እንነግራለን ብለው ሄዱ።

ፍርድ ቤቱ ፍኖተ ሰላም ነበር። ንግሥቴ ልጇን ለእናቷ ትታ በጭነት መኪና ተሳፍራ ወረደች። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ እያዩ «የወፍጮው ባለቤት ማን ነው?» አሏት።

«ጌታዬ፣ ባለቤቴን ወስዳችሁታል» አለች፤ «የወፍጮው ባለቤት ግን ይኸውና ፊትዎ ቆሜያለሁ።»

ችሎቱ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ «ተናገረች» ብለው አጉረመረሙ። ዳኛውም ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ምስክር ተሰማ፤ አብረው እንደገዙት ተረጋገጠ፤ ወፍጮው ለእሷ ተፈረደ። በዚያው ሳምንት መዶሻና መሮ አንሥታ፣ ባሏ ሲያደርግ እንዳየችው ድንጋዩን መውቀር ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ዱቄቱ ሻከረ፤ ሴቶቹም ተነጫነጩ። ቆይቶ ግን ከሀብተአብ ዘመን የተሻለ ላመ። «ሴት ሞተር ስታስነሣ ምን ይባላል!» ያለ ሁሉ እህሉን ይዞ ተሰለፈ።

ዓመታት ነጎዱ። ስልክ ተቆርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሀብተአብ ይኑር ይሙት አይታወቅም። ባል እንድታገባ የተላኩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ «የሞተ ባል ይለቀስለታል፤ የሄደ ባል ምን ይደረግለታል? ተዉኝ» ብላ መለሰቻቸው። ሰብሊ ተምራ ነርስ ሆነች፤ ጅጋ ተመድባ ባምላኩ ከሚባል መምህር ጋር ተጫጨች።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱ መንግሥታት ታረቁና ስልኩ ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን የንግሥቴ ስልክ ጮኸ። ቁጥሯን ከአዲስ አበባ ዘመዶቹ አግኝቶት ኖሯል።

«ንግሥቴ» አለ ድምፁ።

ሞተሩን አጠፋች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «አንድ ድምፅ ሰጠህና» አለች፣ «ሃያ ዓመት ድምፅህ ጠፋ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ሀብተአብ ስለ ሰብሊ ጠየቀ፤ ስለ አቶ ደሴ ሞት ሰማ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያ ሚስት እንዳገባ፣ ልጆችም እንደወለደ ነገራት። ንግሥቴ ስልኩን ዘጋችው።

ያን ሳምንት ወፍጮ ቤት የገባ ሁሉ ፊቷን አይቶ ወጣ። ድንጋዩን ያለጊዜው ወቀረችው፤ የማይታጠበውን አጠበች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ራሷ ደወለች።

«ሰብሊ ልታገባ ነው» አለችው። «አባት እያላት በአጎት አልድራትም። ትመጣለህ።»

የባምላኩ አባት አቶ ቸኮለ፣ የጅጋ ገበሬ፣ ሠርጉ እንደ ወጉ ለጥር ነው ብለው ቆርጠዋል። ንግሥቴ ጅጋ ድረስ ሄዳ «ለጥቅምት እናድርገው» አለቻቸው።

«እሜቴ፣ ምን ነካዎት? አዝመራው ኸማሳ ላይ ቆሞ ሠርግ?»

«አያ ቸኮለ፣ የእርስዎ ማሳ የትም አይሄድም። የመንግሥት በር ግን እንደ ጥቅምት ፀሐይ ነው፤ ሞቀ ሲሉት ይጠልቃል። ሰውየው ይምጣና ልጁን ይመርቅ። ዱቄት ከኔ ነው።»

አቶ ቸኮለ ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «ዱቄቱስ ካልጠፋ…» ብለው እሺ አሉ።

ሀብተአብ በዛላምበሳ ተሻግሮ፣ መኪና ለዋውጦ ቡሬ ገባ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ወገቡ ጎብጧል። አብራው ራህዋ የምትባል ሴት ልጁ አለች፤ ገና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ዓይኖቿ እንደ ሰብሊ ትልልቅ። ያኔ በየአጥሩ ቆመው ያዩ ጎረቤቶች አሁን ጠላና እንጀራ ተሸክመው መጡ። በዚያች ማለዳ ዝም ካሉት አንዱ አጎንብሶ የሀብተአብን ጉልበት ሲስም ንግሥቴ ፊቷን አዞረች፤ ይቅር ማለቱ የሀብተአብ ነውና አልገባችበትም።

ሠርጉ ደመቀ። ሰብሊና ባምላኩ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሲስሙ ሀብተአብ በአማርኛ ጀምሮ በትግርኛ ጨርሶ መረቃቸው። ሰውም ሁለቱንም በአሜን ተቀበለው።

የመሄጃው ቀን መናኸሪያው ላይ ሀብተአብ ትኬቱን ይዞ ሳይሳፈር ቆመ። ወደ ራህዋ ያያል፤ ወደ ንግሥቴ ያያል፤ መሬት ያያል። ንግሥቴ ነገሩ ገባት። እዚያ አገር ልጅ ትምህርት ሊጨርስ ሲል ለውትድርና እንደሚላክ፣ መመለሻውም እንደማይታወቅ ሰምታለች።

«ተናገር እንጂ» አለችው።

«በምን አፌ ልለምንሽ?»

እውነቱን ነበር። ራህዋ የሌላ ሴት ልጅ ናት። ንግሥቴ ለብቻዋ የተኛችባቸው ዓመታት ሁሉ በልጅቱ ፊት ላይ ተጽፈው የታዩዋት መሰላት፤ አንድ አፍታ ልቧ ደነደነ። ልጅቱ የሚሉትን አማርኛ አታውቅም፤ ግን ገብቷት ኖሮ ሻንጣዋን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች። ንግሥቴ ሻንጣውን ከእጇ ወሰደች።

«የሰብሊ እኅት ናት» አለች። «ለእናቷ ንገራት፤ ደኅና ሰው ጋ ናት በላት። አንተም ለራስህ ዕወቅ፤ ለአንተ ብዬ አይደለም።»

ሀብተአብ በሄደ በሁለተኛው ወር የዛላምበሳ መሻገሪያ ተዘጋ። አቶ ቸኮለ ወሬውን ሰምተው ከጅጋ ደወሉ፤ «እሜቴ፣ ፀሐይዋ ጠለቀች» ብለው ብዙ ሳቁ።

ራህዋ አማርኛውን ከወፍጮ ወረፋ ተማረች፤ ስለዚህ ስትናገር የቡሬ ገበሬ ትመስላለች። ትምህርቷን ጨርሳ የኤሌክትሪክ ሙያ ያዘች፤ አሁን የናፍጣውን ወፍጮ ለንግሥቴ ትታ፣ በኋላ የተተከለውን የመብራት ወፍጮ እሷ ታስተዳድራለች። መብራት በጠፋባቸውና መንገዱ በተዘጋጋባቸው ወራት ሁለቱ በናፍጣው ተጋግዘው ከተማውን መገቡ። ከእናቷ ጋር በስልክ ትገናኛለች፤ መስመሩ ሲገባ። አንዳንዴ ሁለቱ ሴቶች ራህዋን አስተርጓሚ አድርገው ስለ ሀብተአብ ጉልበት ሕመም ይመካከራሉ።

ሰሞኑን ደግሞ ስለ ባሕር በር፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ጦርነት የሚወራው በዝቷል። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ጎልማሳ ከወረፋው ውስጥ «እትዬ ንግሥቴ፣ ከአማቾችዎ ጋር ልንታኮስ ነው አሉ» አላት።

ንግሥቴ ቁናውን አስቀምጣ አየችው።

«ልጄ፣ ሲጣሉም አይቻለሁ፤ ሲታረቁም አይቻለሁ። ሲጣሉም አላማከሩኝ፤ ሲታረቁም አላማከሩኝ። እኔ በበኩሌ ድሬያለሁ፤ አሳድጌያለሁ። እነሱ የፈለጉትን ይበሉ።»

«እንግዲያ እርስዎ ለማን ያደላሉ?»

ራህዋ ከወዲያኛው ሞተር ቀና ብላ «እትዬ የምታደላው ቀድሞ ለመጣ ነው! አንተ ከኋላ ነህ፤ ወረፋህን ያዝ!» ብላ ጮኸችበት።

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሰውየውም እየሳቀ ስልቻውን ጎትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ።