የመጨረሻው ጀሶ

ስሙኝማ! እህቴ ስትወለድ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው፤ መርገጫው ሽቅብ ያያል። ሰበታ ላይ ያላወራ የለም። «እናትየው እርጉዝ ሆና የማይረገጥ ረግጣ ነው» ይላሉ። ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አሸላት፣ በጨርቅ አሰረላት፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ እማዬ አዝላት፣ እኔም ተከትዬ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሄድን።

እዚያ የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት በረንዳ ወረፋ ይዘን እንቀመጣለን። በየሳምንቱ ጀሶዋን ያወልቁና እግሯን ትንሽ አቃንተው ሌላ ይጠቀልሉላታል። «አጥንቷ ለጋ ነው፣ ይታዘዛል» ይለናል ጀሶውን የሚጠቀልለው ድሬሰር። ልንወጣ ስንል ደግሞ፣ «ሴትዮ፣ ውሃ እንዳይነካው!» እማዬም አስነክታው አታውቅም፤ ገላዋን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ነበር የምትጠርጋት።

አንድ ቀን ጀሶው ሲወልቅ አየሁት። ቀንቷል! ቆዳው ተላልጧል፣ ከስቷል፣ ግን ቀጥ ያለ እግር! ጣቶቿን አወራጨች። ድሬሰሩ፣ «በቃ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት» ብሎ አዲስ ጀሶ አለበሳት።

እማዬ ደስታዋን የት ታድርገው? ለምስጋና ጠበል ይዛት ሄደች። አክስቴ፣ «አንቺ፣ ጀሶውስ?» ብትላት፣

«ጠበል እኮ ውሃ አይደለም!» አለቻት።

እስከ ጉልበቷ ነከረቻት። ጀሶው ተፈረፈረ።

ሆስፒታል ስንመለስ ድሬሰሩ አበደ። እማዬ፣ «ማሎ ጌታዬ፣ ማሎ!» እያለች እግሩ ላይ ወደቀች። «ሂጂ፣ ጠበልሽ ያቃናልሽ!» ብሎ ዘበኛ ጠራ። በሩ ተዘጋብን። እግሯም ቀስ በቀስ ዞሮ ወደ ድሮው ተመለሰ።

ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት። በእግሯ ጎን ነው የምትረግጠው። ምላሷ ግን አያነክስም። «ቆልማማ!» ሲሏት፣ «የኔስ እግሬ ብቻ ነው፤ የባሰበት ያንተ ጭንቅላት ነው!» ትላለች። ብቻችንን ስንሆን ነው ድምጿ የሚቀንሰው።

«ወንድሜ፣ እውነት ቀንቶ ነበር?»

«ቀንቶ ነበር።»

«እስቲ አሳየኝ።»

መዳፌን ቀጥ አድርጌ እይዝላታለሁ። ትኩር ብላ ታየዋለች። የሰው እግር ይናፍቃል? እኔን ይናፍቀኛል፤ ያ የከሳ፣ የተላላጠ፣ ለአንድ አፍታ ያየሁት እግር።

እሺ፣ እናቴ አጠፋች። በሩን የዘጋችሁብን ሰዎች ግን እናንተን ልጠይቅ፤ አጥንቷ ገና ለጋ ነበር፣ ጀሶውም እጃችሁ ላይ ነበር፤ ደግማችሁ ብትጠቀልሉላት ምን ይጎድልባችሁ ነበር?