የሸክላ ሠሪዋ እንስራ

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ አዲሱ እንስራዋ እንደማያፈስ ልታሳየኝ ውሃ ጨመረችበት። የራሰው ሸክላ ሽታ የዋሻውን ቀን አመጣብኝ።

ጣሊያን የገባ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። አንድ ረፋድ አውሮፕላኑ በጀውሃ ወንዝ በኩል እያጓራ ሲመጣ፣ እስላም ክርስቲያኑ ከነፍየሉ አንድ ዋሻ ውስጥ ገባን። በመጨረሻ የመንደራችን ሸክላ ሠሪ ልጇን ከፊት አስቀድማ፣ ውሃ የሞላ እንስራ አዝላ ደረሰች። ቡዳ ናት ይሏት ስለነበር እናቴ ፈጥና ፊቴን በሻሿ ሸፈነችው።

እንስራውን ተቀብለው እሷን ከዋሻው አፍ መለሷት። ውሃው ግን ለሁሉም ተዳረሰ፤ እኔም ጠጣሁ።

«አባዬ፣ የምንጠጣበትን እሷ አይደለች የሠራችው?» አልኳቸው አያቴን።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለጎረቤት ዱዓ ሲያደርጉ እንባ ይቀድማቸው ነበር። ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «እንስራውንስ እሳት አጥርቶታል፣ ልጄ» አሉኝ። «እሷን ምን ያጠራታል?»

በሻሹ ቀዳዳ አሾልቄ ሳይ ልጇን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቦምቡ ሲወድቅ ዋሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ አላየናትም፤ የት ደረሰች ያለም የለም። ስሟን እንኳ ዛሬም አላውቀውም። እንስራዋ ግን እኛ ቤት ብዙ ዓመት ውሃ ተቀዳበት።

የዛሬዋ ሸክላ ሠሪ ውሃውን ደፍታ፣ አጠገቤ ለቆመችው የልጅ ልጄ ፈገግ አለችላት። እኔ ይህን ሁሉ እያስታወስኩ፣ እጄ ቀድሞኝ የልጅቷን ፊት በሻሼ ሸፍኖት አገኘሁት።