ለአንድ ሲሲ ስንት ጠብታ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ እንኳን ልረሳ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

በጃንሆይ ዘመን ከነቀምቴ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት ነበርኩ። በቀዶ ጥገና ጊዜ በበሽተኛው አፍንጫ ላይ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ማደንዘዣ አንጠባጥባለሁ። ስንት ጠብታ እንደሚበቃ የሚያዘኝ ከሸዋ የመጣው አለቃዬ ነው። ደንቡ አንድ ነበር፤ የፈለገው መድኃኒት ይሁን፣ ሃያ ጠብታ አንድ ሲሲ ነው።

አንድ ጊዜ ፍሎሪን ያለበት አዲስ ማደንዘዣ መጣ። ያዘዘኝን ያህል አንጠባጠብኩ። ቢላው ሲያርፍበት በሽተኛው፣ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ የመጣ ገበሬ፣ «ያ ዋቃ!» (አምላኬ!) ብሎ በኦሮምኛ ጮኾ ከጠረጴዛው ተነሳ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ዶክተር አፈጠጠብን። አለቃዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የትውልድ አገሬን ጠርቶ «ይሄ የጉቴ ልጅ መቁጠር አይችልም» አለ። በማግስቱ ጠርሙስ አጣቢ ሆንኩ።

አንጀቴ አረረ። ከማጥባቸው ጠርሙሶች የተረፈውን ማደንዘዣ አጠራቅሜ በዚያው ማንጠባጠቢያ ከውሃ ጋር አስተያይቼ ለካሁት። ውሃው በሃያ ጠብታ አንድ ሲሲ ሞላ፤ ይሄኛው ዘጠና ፈጀ! ሦስት ቀን ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ጠብታዎቹን በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን መዘንኩ። የውሃ ገጽ ውጥር ስለሆነ ጠብታው እስኪወፍር ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል፤ የዚህኛው ገጽ ልል፣ ፈሳሹም ከባድ ስለሆነ ገና ሳይወፍር ይወድቃል። ለካ ገበሬው ያገኘው ከሚገባው ሩቡን እንኳ አይሞላም ነበር። ከገጹ ውጥረትና ከፈሳሹ ክብደት ተነስቶ የጠብታውን ልክ አስቀድሞ የሚናገር ስሌት ሠራሁና ወረቀቱን ለአለቃዬ ሰጠሁት።

«ጠብታ ጠብታ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ራሱ ያንጠባጥብ ጀመር፤ በሽተኛውም ሁሉ ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ዶክተሩ አመሰገነው። እኔ ጠርሙሴን አጥባለሁ።

አንድ ቀን ትርፍ አንጀት አለቃዬን ጣለው። ማንጠባጠብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ተጠራሁ። ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ በስንት ነው የምትቆጥረው?»

«በእርስዎ ደንብ ነዋ፣ አለቃ። ለአንድ ሲሲ ሃያ።»

እጄን ለቀም አደረገ። «በዘጠና! በእናትህ፣ በዘጠና ቁጠር!»

ዶክተሩ ዞር አለ። «የምን ዘጠና?»

ማንጠባጠቢያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። «ይንገሯቸው እንጂ፣ አለቃ።»

ሆዱን ይዞ እያቃሰተ፣ ከገበሬው ጩኸት ኪሱ እስከከተተው ወረቀት ድረስ አንድም ሳያስቀር ለዶክተሩ ነገረው። መቁጠር የጀመርኩት እሱ ሲጨርስ ነው።